መድፉና የአረፋው ፎቶ

«መድፉ መጣ! ኧረ መድፉ መጣ!»

የሙሽራው ሚዜዎች ከድንኳኑ በር ጀምረው ሲጮኹ ኢስሀቅ ደረቱን ነፍቶ ገባ። በትከሻው ያነገተው ነጭ ሌንስ ክንድ የሚያህል ርዝመት ነበረው፤ አፉ ደግሞ እንደ ሾርባ ሳህን ሰፊ ነው። ሕፃናት ከእናቶቻቸው ጉልበት ላይ እየተንጠራሩ አዩት። ከፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ኮፊያቸውን አስተካክለው ቀጥ አሉ። ኢስሀቅ በአንድ ጉልበቱ ተንበርክኮ ሌንሱን ወደ ሙሽሮቹ አነጣጠረና «ፈገግ!» አለ።

ሙሽሮቹ ፈገግ አሉ። ጠቅ የሚል ድምፅ ተሰማ።

ድምፁ የመጣው ግን ከመድፉ አልነበረም። ከኢስሀቅ ፈንጠር ብላ፣ አሮጌ ካሜራ ላይ ትንሽ ሌንስ ገጥማ የቆመችው እህቱ ሰልሚያ ነበረች ያነሳችው። የሚያያት አልነበረም። ሰው ሁሉ ዓይኑን መድፉ ላይ ተክሏል። እሷም ይኼ እንደሚጠቅማት ታውቃለች፤ ሰው ካሜራ እያነሳው መሆኑን ሳያውቅ ሲቀር ፊቱ የራሱ ይሆናል። ሙሽራዋ ከፎቶው በኋላ በረጅሙ ስትተነፍስ አገኘቻት። ሽማግሌው ከሳህናቸው ሥጋ መርጠው ለልጅ ልጃቸው ሲያጎርሱ አገኘቻቸው። ኢስሀቅ በበኩሉ እየተነሳ፣ እየተንበረከከ፣ አንዴም ወንበር ላይ እየወጣ ድንኳኑን አዳረሰው። ካሜራው ውስጥ ሚሞሪ ካርድ እንኳ አልነበረም።

መድፉ ቡታጅራ የገባው ባለፈው ዓመት ነው። አጎታቸው ሀጂ ሀቢቡ መርካቶ ውስጥ ብርድ ልብስ ይነግዳሉ። የእህታቸው ልጅ ፎቶ ቤት መክፈቱን ሲሰሙ ደስ አላቸውና ከዱባይ ዕቃ የሚያመጣላቸውን ሰው ጠርተው «ለፎቶ አንሺ የሚሆን ትልቁን ሌንስ አምጣልኝ» አሉት።

«የትኛውን ትልቅ?» አለ ሰውየው።

«ትልቁን ነዋ! በላዩ ሌላ የሌለውን። ብርድ ልብስ ሲተልቅ አይደል የሚሞቀው?»

የመጣው ሌንስ እውነትም ትልቁ ነበር። ስታዲየም ዳር ቆመው ኳስ ለሚያነሱ፣ ጫካ ተደብቀው አውሬ ለሚጠብቁ ሰዎች የተሠራ ነው። ከሩቅ ያለውን ያቀርባል፤ ደብዛዛ ብርሃን አይበግረውም። ክብደቱ አዲስ የተወለደ ሕፃን ያህል ነው፤ ልዩነቱ ሕፃኑን ተቀብሎ የሚይዝ ዘመድ መኖሩ ነው። ኢስሀቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ቡኢ ከተማ ለሠርግ ይዞት ሲሄድ ሰልሚያም አብራው ነበረች። ሌንሱን ዓይኑ ላይ ሲያደርገው የታየው የሙሽራዋ አፍንጫ ብቻ ነው። ወደ ኋላ ሄደ። አሁን ሙሽራዋ ገባች፤ ሙሽራው ቀረ። የሙሽራው ቤተሰብ በሙሉ ሊነሳ ሲደረደርማ ከድንኳኑ ወጣ፣ ከአጥሩ ወጣ፣ የጎረቤት እንሰት ውስጥ ገባ። በመጨረሻ ከእንሰቱ መሃል ሆኖ «ፈገግ በሉ!» ብሎ ሲጮኽ የመለሰለት የጎረቤቱ ውሻ ነበር።

የዚያን ቀን ሠርጉን በአሮጌው ካሜራ ያነሳችው ሰልሚያ ናት። ፎቶዎቹ አማሩ። ሰው አየና «አቤት መድፉ!» አለ። ከዚያ በኋላ ፎቶ ቤቱ የሚመጣ ደንበኛ ሁሉ የሚጠይቀው «መድፉ ይመጣል ወይ?» ብሎ ነው። እንዲህ እናድርግ ብሎ የተማከረ የለም፤ ነገሩ ራሱ እንዲህ ሆኖ ቀረ። ኢስሀቅ መድፉን ይዞ ይታያል፤ ሰልሚያ ታነሳለች።

መጀመሪያ ላይ ጨዋታ መስሏት ነበር። ማታ ፎቶዎቹን ኮምፒዩተር ላይ ሲያዩ ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። አንድ ቀን ግን ጨዋታው ቆረቆራት። አንዲት አሮጊት የልጅ ልጃቸው ሠርግ ላይ፣ ጥርስ እንደሌላቸው ትዝ ብሏቸው አፋቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ሲስቁ አንስታ ነበር። ኢስሀቅ ያንን ፎቶ አሳደገውና የፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ ለጠፈው፤ ከሥሩም «ፎቶ በኢስሀቅ» ብሎ ጻፈበት። ሰኞ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህሯ አስቆሟት።

«ያንን ፎቶ አየሁት። ወንድምሽ ዓይን አለው!»

«አዎ ቲቸር» አለች ሰልሚያ፤ «ዓይን አለው።»



ከአረፋ ዋዜማ ጀምሮ ከቡታጅራ ወጣ ብሎ ያለው የአያታቸው ግቢ በሰው ሞላ። ከአዲስ አበባ አጎቶች ከነልጆቻቸው መጡ። ሴቶቹ በዚያው ዕለት፣ የሴቶች አረፋ በሚባለው ቀናቸው፣ በቡላ፣ በቅቤና በአይብ የሚሠራውን አተካና ያዘጋጃሉ። ሀጂ ሀቢቡ ገና ከመኪና ሳይወርዱ የጠየቁት ስለ ሌንሳቸው ነበር። ኢስሀቅ የሠርጎቹን አልበም አመጣላቸው። ዛፉ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው፣ ዘመድ በዙሪያቸው ተሰብስቦ፣ ገጹን አንድ በአንድ ገለጡት። አፋቸውን ሸፍነው የሚስቁት አሮጊት ጋ ሲደርሱ ቆሙ።

«ማሻአላህ! ማሻአላህ! እዩልኝ እስቲ፤ ሳቃቸው እኮ ይሰማል!» ጣታቸውን ፎቶው ላይ አሳረፉ። «ይኼ ነው ሌንስ ማለት! ኢስሀቅ፣ በሱ ነው አይደል?»

ኢስሀቅ በዓይኑ ጫፍ ሰልሚያን አያት። እሷ የአተካናውን ሳህን ይዛ ቆማለች።

«አዎ አጎቴ… በሱ ነው።»

«እኔ እኮ ይኼ ልጅ እጁ ይባረካል ብያለሁ! በል እንግዲህ ነገ ከሰላት መልስ ሁላችንንም በሱ ታነሳናለህ። እዚሁ፣ አባቴ ቤት ፊት። ሱቄ ውስጥ የምሰቅለው እሱን ነው። እንዴት እንደሚሠራም አጠገብህ ቆሜ ካየሁ በኋላ ሮጬ መሃል እገባለሁ።»

ሰዉ ሳቀ። ሰልሚያ ሳህኑን አጎቷ ፊት አኑራ ወደ ጓሮ ሄደች። ኢስሀቅ ተከትሏት መጣ፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሏል።

«ሰልሚ፣ እንደ ሁልጊዜው ነው ባክሽ። እኔ ከፊት፣ አንቺ ከጎን።»

«አጠገብህ ሊቆሙ እኮ ነው! ምን ልታሳያቸው? አፍንጫቸውን?»

«ሙድ አትያዢብኝ አቦ!»

«ሙድ አልያዝኩም። ይኼ ሁሉ ዘመድ፣ እዚች ግቢ ውስጥ፣ በመድፉ እንዴት ይገባል? ወደ ኋላ ብትሄድ ጀርባህ አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ገደል ነው።»

«ታዲያ በትንሹ አንሺያ! ማን ያውቃል? እሳቸው የሚያውቁት ብርድ ልብስ ነው።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «በሰው ፊት እንዳታዋርጂኝ ብቻ። አንድ ዓመት ሙሉ ስልክ በደወሉ ቁጥር ‹ሌንሱ እንዴት ነው?› ነው የሚሉኝ። ለሠርግ አይሆንም እንዴት ልበላቸው? ስጦታ እኮ ነው።»

 ወንድሟ ጉረኛ ነው፤ ግን ካሜራ አያያዝ ያስተማራት እሱ ነው። ልጅ ሳለች ትኩረት የሳተ ፎቶ ባመጣች ቁጥር አንድም ቀን አልተቆጣትም። እሱን በዘመድ ፊት ማሳፈር አትፈልግም። የአሮጊቷ ሳቅ የሌላ ሰው ሆኖ እንዲቀርም አትፈልግም። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ደረት ውስጥ አልስማማ አሏት።

«እስቲ መድፉን ስጠኝ» አለች።

«ምን ልታደርጊው?»

«እስካሁን የማይችለውን ነው ያየንለት። የሚችለውን ልየው።»

ሌንሱን ከነካሜራው በነጠላ ጠቅልላ እንደ ሕፃን አቅፋ ወጣች። ከአያቷ ግቢ ፊት ለፊት መሬቱ ወደ ወንዝ ይወርድና በማዶ እንደገና ይነሳል። ማዶው ላይ ያለው ቤት የእትዬ አደይ ነው። እትዬ አደይ ደጃፋቸው ላይ በርበሬ አስጥተው ዶሮ ይከላከሉ ነበር።

«ሰልሚያ! በአረፋ ዋዜማ ምን እግር ጣለሽ? ያቀፍሽው የማን ልጅ ነው?»

«ልጅ አይደለም እትዬ፤ ሌንስ ነው። ከእርስዎ አጥር ላይ ሆኜ የኛን ቤት ልየው ብዬ ነው።»

«አጥሩ መች ይከፈልበታል፤ እይ።»

እጇ ገና ሲያነሳው ተንቀጠቀጠ። በሌንሱ ውስጥ ማዶ ያለው ቤት እንደ ጀልባ ተወዛወዘ። ማስደገፊያ ፈልጋ ከበሩ አጠገብ የነበረውን ጆንያ ጎትታ የድንጋይ አጥሩ ላይ ጫነችና ሌንሱን አጋደመችበት። ፊቷን ስታስጠጋ አንዴ አስነጠሳት። ደገማት። ሠለሳት።

«በርበሬ ነው እኮ!» እትዬ አደይ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «ኧረ ተይው፣ ዓይንሽ ይጠፋል! ቆይ ባቄላ ላምጣልሽ።»

የባቄላው ከረጢት እንደ ትራስ ጎድጉዶ ሌንሱን ተቀበለው። ሰልሚያ እንባዋን ጠርጋ ዓይኗን አስጠጋች፣ ቀለበቱን ቀስ ብላ አዞረች፣ ከዚያ ትንፋሿን ያዘች።

የአያቷ ቤት መጣ። እናቷ ቅቤ የነካ እጇን በቅጠል ስትጠርግ፣ ልጆች በዛፉ ዙሪያ ሲባረሩ፣ ሁሉም ቁልጭ ብሎ ታያት። ያስደነገጣት ግን ከቤቱ ጀርባ ያለው ነው። በየቀኑ ትምህርት ቤት ስትሄድ ከሩቅ ሰማያዊ ሆኖ የምታየው ዘቢዳር ተራራ ተነስቶ መጥቶ ከጓሯቸው ቆሟል! ሌንሱን ወደ ትልቁ ማቅረቢያ አዞረችው፤ ተራራው ሰማዩን ሁሉ ሞላው። ወደ ትንሹ መለሰችው፤ ራቀ። ደግማ አቀረበችው። ገባት። ቤቱ አጠገብ ቆሞ የሚያነሳ ሰው ቤቱን ያገኛል፣ ተራራው ከኋላ እንደ ጉብታ ያንስበታል። እዚህ ድረስ ርቆ መጥቶ የሚስብ ግን ሁለቱን አንድ ላይ ያገኛቸዋል። ትንሹ ሌንስ ይኼን አይችልም። መድፉ ዓመቱን ሙሉ ድንኳን ውስጥ የታሠረ በሬ ነበር፤ ማሳው እዚህ ነው።

ፀሐይዋ ከተራራው ጀርባ እየወረደች ስለነበር ዘቢዳር ጠቁሯል። ጠዋት ግን ብርሃኑ ከዚህ፣ ከእሷ ጀርባ ነው የሚመጣው፤ ያኔ ፊታቸውንም ተራራውንም አንድ ላይ ያበራዋል።

«አየሽው?» አሉ እትዬ አደይ።

«አየሁት።»

«እንዳንቺ ዓይን ያለው ሰው ምን ይሳነዋል። ባለፈው የወንድሜ ልጅ ሲዳር ሳይሽ ነበር። ወንድምሽ ያንን ነጭ ነገር ይዞ ሲንጎራደድ አንቺ ጥግ ጥጉን ነበርሽ። ፎቶው ሲመጣ ግን ሁሉም ከጥግ የተነሳ ነው።»

ሰልሚያ ጉንጯ ሲግል ተሰማት። ነገሩን ያየ ሰው ነበር ማለት ነው። የባቄላውን ከረጢት አቀፈች። «ለነገ ላቆየው እትዬ?»

«አቆይው። ብቻ እንዳትዘሪው።»

ኢስሀቅ በአጥሩ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ነገ ከማዶ አነሳዋለሁ» አለችው ገና ሳትደርስ፤ «በመድፉ። ከነዘቢዳሩ። ብታየው ኖሮ…! አጎታችን ያመጡት ሌንስ አሪፍ ነው፤ ቦታው ነው የጠፋብን።»

ነገሩን ስታስረዳው ዓይኑ እየበራ መጣ፤ ፎቶ አንሺ ነውና ገባው። ከዚያ ደግሞ ፊቱ ተለወጠ። «ታዲያ እኔ ልሻገርና ላንሳዋ።»

«አይሆንም። እኔ ነኝ የማነሳው።»

«እኔስ?»

«አንተማ ፎቶው ውስጥ ትገባለህ። ካሜራ ከያዝክ ወዲህ በአረፋ ፎቶ ላይ የለህም። እማዬ ሁልጊዜ ‹ልጄ የታለ?› ትላለች።»

ኢስሀቅ በእግሩ ጫፍ አፈሩን ጫረ። «አጎቴ ‹ለምን አንተ አላነሳህም?› ቢሉኝስ?»

«የፈለግከውን በላቸው። እኔ አላወራብህም፤ ወላሂ። ግን ከጎንህ ተደብቄ ማንሳት ከዛሬ ጀምሮ ይቅርብኝ።»

 ወንድሟ መሬት መሬቱን እያየ ወደ ቤት ገባ።

በማግስቱ ሰልሚያ ከሰላት እንደተመለሰች የበዓል ቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ወንዙን ተሻገረች። ዘቢዳር እስከ ወገቡ ደመና ለብሷል። ካሜራው ውስጥ ሚሞሪ ካርድ ከታ፣ ሌንሱን ባቄላው ላይ አስተኝታ ጠበቀች። ማዶ ዘመዶቿ ነጫጭ ልብሳቸውን ለብሰው በቤቱ ፊት ተሰብስበዋል። በስልክ ታዛቸው ጀመር፤ በወዲያኛው ጫፍ ስልኩን የያዘው ኢስሀቅ ነው።

«ሽማግሌዎቹ ወንበር ላይ። ልጆቹ ከፊት መሬት ላይ። ኧረ ያቺን ልጅ ከዛፉ አውርዷት!»

«እሺ… እሺ… ወረደች።»

«አንተም ግባ። ከእማዬ ጎን።»

ስልኩ ተዘጋ። ደመናው ከተራራው ትከሻ ላይ ቀስ እያለ ሲገፈፍ፣ አረንጓዴው ገደል በጠዋት ፀሐይ ፊቱን ታጥቦ ወጣ። ሰልሚያ ዓይኗን አስጠግታ ፎከሱን አጎቷ ፊት ላይ አሳረፈች። ሀጂ ሀቢቡ ግራ ቀኝ ይመለከታሉ። ወደ ኢስሀቅ ዞረው አንድ ነገር ጠየቁ። አፋቸው ሲንቀሳቀስ ይታያታል፤ ድምፁ ግን ወንዙን አይሻገርም።

ኢስሀቅ እጁን ወደ እሷ ዘርግቶ አመለከተ። ከዚያ መናገር ጀመረ። ረጅም ነገር ነበር። አንድ ጊዜ ቆም ብሎ በመዳፉ ፊቱን ጠረገ፣ እንደገና ቀጠለ። ሲጨርስ አንገቱን ደፋ። የአጎቷ ፈገግታ ጠፍቷል። እናቷ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋለች። በዙሪያቸው ያለው ዘመድ ሁሉ ኢስሀቅን ያያል።

ኢስሀቅ የነገራቸው ምን እንደሆነ ሰልሚያ ሳይነገራት ገባት። ጣቷ የካሜራው መጫኛ ላይ ነበር። ብርሃኑ እንደዚህ ሆኖ አያውቅም። የወንድሟ ያጎነበሰ አንገት፣ የአጎቷ ፊት፣ ከኋላ ግዙፉ ተራራ፤ እስካሁን ካነሳቻቸው ሁሉ የሚበልጥ ፎቶ ፊቷ ተዘርግቷል። መነሳቱን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ለሠርግ ቢሆን ኖሮ ሳታስብ ትጫነው ነበር።

ጣቷን ከመጫኛው ላይ አነሳች።

ስልኩ ጮኸ። በሌንሱ ውስጥ አጎቷ የኢስሀቅን ስልክ ጆሯቸው ላይ አድርገው ወደ እሷ አቅጣጫ ዓይናቸውን አጥብበዋል።

«ሰልሚያ!»

«አቤት አጎቴ። ኢድ ሙባረክ።»

«ኢድ ሙባረክን ተይውና፣ ወንድምሽ የሚለው እውነት ነው? ሠርጎቹንም፣ አሮጊቷንም፣ አልበሙን ሁሉ ያነሳሽው አንቺ ነሽ?»

 ማዶ ኢስሀቅ አሁንም እንዳቀረቀረ ነው።

«አዎ፤ እኔ ነኝ።»

ሀጂ ሀቢቡ ጢማቸውን አሻሹ። 

«ሌንሱስ? አይረባም ማለት ነው?»

«ለሠርግ አይሆንም አጎቴ። ለዛሬ ግን ከሱ የሚሻል የለም። ከጀርባዎ ዘቢዳር ቆሟል፤ እርስዎ ስለማያዩት ነው እንጂ።»

አጎቷ ዞረው ተራራውን አዩ። ተመልሰው ወደ ማዶ አዩ። ከዚያ ሳቃቸው በስልኩ ፈነዳ፤ በሌንሱ ውስጥ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ታያት።

«ትልቁን አምጣ ብዬ ነበር፤ ለካ ተራራ የሚጭን ነው ያመጣልኝ! የእህቴ ልጅ ደግሞ ከማዶ ሆና ታዘኛለች! በይ፣ ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ፀሐዩ ዓይናችንን አወጣው እኮ!»

«ኢስሀቅ ቀና እስኪል ነው።»

አጎቷ ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱና ለኢስሀቅ አንድ ነገር አሉት፤ ክንዳቸውንም አንገቱ ላይ ጣሉበት። ካሜራ የለመዱ እጆቹ ባዶ ሆነው የሚገቡበት ጠፍቷቸው ነበር፤ እናቷ አንዱን ይዛ ጉልበቷ ላይ አስቀመጠችው። ደመናው ከተራራው ጫፍ ወዲህ እየተመለሰ ነው። ዘመዶቿ አንድ ባንድ ወደ ማዶ ዞሩ፣ ሕፃናቱም ሳይቀሩ። ሰልሚያ አልቸኮለችም። ወንድሟ ጭንቅላቱን አንስቶ፣ ዓይኑን ከፀሐዩ እየጠበቀ፣ ቀጥ ብሎ ወደ እሷ እስኪያይ ጠበቀችው።

ከዚያ መጫኛውን ተጫነች።